ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ቀን 1996)

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ዓለምሸት
ደብረ ብርሃን

የደጅዎ ሥላሴ ብርዱን አቅልለው፣ ጉልበትዎን አጽንተው፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ከልለው ይጠብቁልኝ። እንደምን ከርመዋል? ቤተሰቡስ? ጎረቤቱስ? እኔና ልጄ ሳምሪ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን።

ለመጻፍ የዘገየሁት ቀኝ ትከሻዬን ተጎድቼ ነው። አይደንግጡ። ኢቶቢኮ ሰፈር በምሠራበት መጋዘን ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ትልቅ ካርቶን ሲንሸራተት አየሁና እጄን ሰደድኩ። ቢወድቅ የሚሰበር ነገር አልነበረበትም። ፎጣ ነበር፣ የታሸገ ፎጣ። ግን ሰው የሚወድቅ ነገር እያየ እጁን እንዴት ይሰበስባል? ክብደቱ ክንዴን ወደ ኋላ ይዞት ሄደ፤ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ አሮጌ ሸራ ሲቀደድ በጆሮዬ ሰማሁት።

ሐኪሙ ፎቶ አስነሳኝ። አጥንቴ ምንም አልሆነም። የተጎዳው አጥንቱን ደግፎ የሚይዘው ጅማት ነው፤ ገሚሱ ተቀዷል፣ ገሚሱ ይዟል። «ብርዱ እስኪያልፍ በእጅ ሕክምናና በእንቅስቃሴ እንሞክረው፤ በሚያዝያ ክንድህ አልነሳ ካለ ግን ቀደን እንሰፋዋለን» አለኝ።

እትዬ፣ «ቀደን» ሲለኝ ምን እንደታየኝ እርስዎ ያውቁታል። ታናሽዎን፣ ባለቤቴን ውብአለምን በአልጋ እየገፉ ሲያስገቧት በሩ ላይ እጄን ጨበጥ አድርጋ «ሻይህን ጠጣ፣ አሁን እመጣለሁ» ነበር ያለችኝ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ሊሞላ ነው። ሐኪሞቹ ላይ ቂም የለኝም፤ በሽታው ቀድሟቸው ነበር። ግን ያንን በር ሁለተኛ ማየት አልሻም።

እዚህ ፍሌሚንግደን ፓርክ ከኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር ሽፈራው የሚባል ወዳጅ አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ፈረንጅ ሲያሻሽህ ሊከርም ነው? ና ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ላጥ ላድርግልህ» እያለ ያሳድደኛል። ወጣት ሳለ የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ ይላል። እርስዎ ግን የስንቱን ክንድ ያቃኑ እውነተኛ ወጌሻ ነዎት። ምን ይሉኛል? ለነዚህ ልታመን? ወይስ አገር ቤት መጥቼ በእጅዎ ልታሽ?

ክርኔን ጠረጴዛ ላይ ካስደገፍኩ ጣቶቼ ይታዘዛሉ፤ ይኸው እጽፋለሁ። ያቃተኝ ማንሳት ነው። ሳማትብ እጄ ግንባሬ አይደርስም። ግንባሬን አጎንብሼ እኔው ወደ እጄ እወስደዋለሁ። ፈጣሪ እንደ ትሕትና ይቁጠርልኝ።

ሳምሪ «ሰላም በልልኝ» ብላለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ ደስ ይበልዎ።

ወንድምዎ በየነ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበየነ
ቶሮንቶ

የውብአለምን ነፍስ በቀኙ ያቆመ አምላክ አንተንና ልጄን ሳምሪን በባዕድ አገር በጥላው ያኑራችሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ይክበር ይመስገን።

በየነ፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? «በጣም ደህና ነን» ብለህ ጀምረህ «ትከሻዬ ተቀደደ» ብለህ ትቀጥላለህ። እኔ እኮ የፊተኛውን መስመር ለጎረቤት አንብቤ እልል ልል ነበር። ደግሞ ለፎጣ! ብርጭቆስ ቢሆን ይወድቅ አትልም? ውብአለም እዚያ ሆና ስትስቅብህ ይታየኛል።

አሁን ስማኝ። የወለቀ አጥንት ይጎተታል። የተቀደደ ጅማት ግን አይጎተትም፤ ይለመናል። ያ ሽፈራው የምትለው ሰው እንዳይነካህ። መጎተት ካማረው የበሬ ጅራት ይጎትት። እኔ ጋ ብትመጣም የማደርገው እነሱ ከሚያደርጉት ብዙ አይርቅም፤ አሞቀዋለሁ፣ በቅቤ አለሰልሰዋለሁ፣ ዙሪያውን በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ የጠበቀውን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት አንቀሳቅሰዋለሁ። እነሱ ደግሞ ውስጡን የሚያይ ፎቶ አላቸው። እኔ ያለኝ ጣቴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂድ፣ ታከም። ጅማት ሆደ ባሻ ነው፤ ካስቸኮሉት ያኮርፋል፣ ከታገሡት ይታረቃል።

በግንባርህ ያጎነበስከውን ፈጣሪ ይቀበልህ፤ እጅህን ግን አስነሳው።

አንዲት ነገር ላስቸግርህ። እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የሚመጣ የሚያሞቅ ቅባት ውብአለም ልካልኝ ነበር። ሰው ካገኘህ አንድ ላክልኝ። ለታማሚዎቼ ነው።

እህትህ ዓለምሸት

ቶሮንቶ፣ ጥር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምሸት

ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈዎ አምላክ ጾሙንም ያስጀምርዎ። እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ በረዶው ብቻ ነው።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከፍሌሚንግደን ፓርክ በባስ ወርጄ ኢስት ዮርክ ውስጥ ካለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ እመላለሳለሁ። የምታክመኝ ሴት እሌኒ ትባላለች። አበሻ እንዳትመስልዎ፣ ግሪክ ነች። እንደኛው ኦርቶዶክስ ነች፤ አንገቷ ላይ መስቀል አለ። መጀመሪያ በሞቀ ፎጣ ትሸፍነዋለች። ፎጣ እንዳቆሰለኝ ፎጣ ያድነኝ ይሆናል። ከዚያ ልክ እርስዎ እንደጻፉልኝ በአውራ ጣቷ ከብራኳዬ፣ ከትከሻዬ ጠፍጣፋ አጥንት ሥር፣ ከብብቴ በላይ እየፈለገች ታሻለች። ቀጥሎ ግድግዳ ፊት ታቆመኝና ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ሽቅብ አራምዳለሁ። የደረስኩበት ላይ በእርሳስ ትጭራለች። የመጀመሪያው ጭረት በአገጬ ቁመት ነው። አሁን አፍንጫዬ ደርሻለሁ።

አንድ ነገር ላጫውትዎ። መጀመሪያ ቀን «ሕመሙ ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሆናል?» አለችኝ።

«አስር ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ልታስበው የምትችለው የመጨረሻው ሕመም።»

አሰብኩ። የመጨረሻው ሕመም የጌታ ነው፣ በችንካር ላይ። እሱ አስር ከሆነ የአንድ መጋዘን ሠራተኛ ትከሻ ምን ሊባል ነው? «ሁለት» አልኳት። ደስ አላትና ጻፈችው።

ሳምሪ ልታስተረጉምልኝ አብራኝ ነበረች። ባስ ውስጥ ተቆጣችኝ። «አባ፣ ዋይ ዲድ ዩ ላይ? ካልሲህን እኮ እኔ ነኝ የማጠልቅልህ!»

«አልዋሸሁም፤ አመዛዘንኩ እንጂ» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ነው የምሄደው። እሌኒ በገባሁ ቁጥር «ዛሬ እንዴት ነህ?» ትለኛለች፤ እኔም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ሌላ ምን ይላል?

ቅባቱን ለእናቷ ተዝካር አገር ቤት በምትሄደው በጽዮን እጅ ልኬአለሁ።

ወንድምዎ በየነ

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበየነ

ሰላምህ ይብዛ። ልጄን ሳምሪን ሳምልኝ።

የእጅ ጽሑፉ ቢለወጥብህ አትደነቅ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ባለሱቋ እየሩሳሌም ነች። ዓይኔ ደከም ስላለብኝ ነው። «ይህ ወረቀት ውቅያኖስ ይሻገራል፣ ያሳፍራል» ብላ ስድቤን አልጽፍም ብላለች፤ ስለዚህ ዛሬ ጨዋ ነኝ።

ጽዮን ቅባቱን አድርሳልኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቶሎ አለቀ። ታማሚ በዝቷል። ብታገኝ ሌላ ላክልኝ፣ ከዚህ ጠንከር የሚል ካለ እሱን።

ያን «ሁለት» ያልከውን ነገር አልወደድኩትም። ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ዓለምሸት

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምሸት

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የምሥራች ልንገርዎ። እሌኒ የሕመሜን ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት አይታ «አንተማ ድነሃል» አለችኝ። ለእንቅስቃሴ የምጎትተውን ላስቲክ ወፍራም አድርጋልኝ፣ ክብደት አስነስታኝ፣ በመጨረሻ አሰናበተችኝ። መሥሪያ ቤቱም ወደ ቀድሞ ሥራዬ መልሶኛል፤ ስጎዳ የሰጡኝ ቀላል ሥራ ቀርቶ ካርቶኑን ማንሳት ጀምሬአለሁ። ደህና ነኝ። ፎርማኑ «ዌልካም ባክ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ቀኙን ነበር።

ስግደቱ ትንሽ አስቸግሮኛል፤ በግራ እጄ እየተደገፍኩ እወርዳለሁ። ሌላው ደህና ነው። ሐኪሙም በሚያዝያ ያየኛል፤ ደህና ነኝ እለዋለሁ።

ቅባቱን በሰው እልካለሁ። ዓይንዎን ይማርልኝ።

በየነ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበየነ

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ከዚህ በላይ የምመርቅበት አንጀት ዛሬ የለኝም።

ደብዳቤህን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ለራሴ ሁለቴ አነበብኩት። ደህና የሆነ ሰው በየመስመሩ ደህና ነኝ አይልም። ዝናብ የሌለበት ቤት ጣራዬ አያፈስም ብሎ ይምላል? እየሩሳሌም ሆይ፣ ይህን ሳታለሳልሺ ጻፊው፦ ውሸታም!

ልንገርህ። ገረመው የሚባል የአስር አለቃ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ክርኑ ወልቆ መጣ። ሳሽ ሳሽ ዝም። «እዚህ ጋ ያምሃል?» ስለው፣ «ወታደር ነኝ» ይለኛል። «ወታደርነትህን አልጠየቅሁም» ብለውም ጥርሱን ነክሶ ዝም። ባይጮህ ጊዜ ደህና መስሎኝ ገፋሁት፤ የማይገፋውን ገፋሁ። ያ እጅ ሸሚዝ ሳይቆልፍ ወደ መቃብር ወረደ። የታማሚ ጩኸት ለወጌሻ መብራት ነው፣ በየነ። ዝም ያለ ታማሚ ጨለማ ቤት ነው፤ የገባበት ሁሉ እየዳበሰ ዕቃ ይሰብራል። አንተ መብራቱን አጥፍተህባት ያቺ ሴት ምን ታድርግ?

ጌታን ደግሞ ምክንያት አታድርገው። እሱ እንኳ በመስቀል ላይ ጮኋል። አስሩን ለሱ ተውለት። እስከ ዘጠኝ ያለው ያንተ ነው።

ሂድና ንገራት።

ዓለምሸት

ቶሮንቶ፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምሸት፣

ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ነውና እንደምን ከረሙ አልልም። ይሁዳ ሰላም እያለ ስሞ የሸጠበት ሳምንት ስለሆነ መሳሳም የለም፣ እንደምን ዋላችሁ የለም። በቤተ ክርስቲያን ሰው ከሰው ጋር አንገቱን ደፍቶ ይተላለፋል። ያለ ሰላምታ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ወረቀቱን ሳየው ቆየሁ። ስለዚህ ከእውነቱ ልጀምር።

ትከሻዬ ብሶበታል። ካርቶን ወደ ላይ ስገፋ ክንዴ በመሐል ከዳኝ፤ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ አየው። «በግንቦት መጨረሻ ተመለስ፤ ያኔ እጅህን ከትከሻህ በላይ ካላነሳህ የቀዶ ጥገናውን ቀን እንቆርጣለን» አለኝ። ሳምሪ በሰማችው ጊዜ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። እናቷ የገባችበትን በር እሷም ታስታውሰዋለች።

ማክሰኞ ዕለት እሌኒ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። የነሱም ፋሲካ ከኛ ጋር አንድ ቀን ነው፤ ጥቁር ለብሳለች። «ዛሬ እንዴት ነህ፣ በየነ?» አለችኝ።

አፌ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል ተከፍቶ ነበር፤ ሳምንቱ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

«ምነው?» አለች።

በዚያችው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «በዚህ ሳምንት ሰላምታ አንመልስም» አልኳት።

እጇን ታጥባ እያደረቀች ነበር፤ ዞር ብላ አየችኝ። «ሰላም አላልኩህም እኮ። እየጠየቅሁህ ነው።»

እትዬ፣ ለካ ክረምቱን ሙሉ ስትጠይቀኝ ነው የከረመችው! እኔ ስትሳለመኝ መስሎኝ እጅ ስነሳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዘጠኝ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሕመሙ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ፎጣውን ጣለችው። «ሁለት ነው ብለኸኝ! በሁለት አስልቼ እኮ ነው ላስቲክ ያወፈርኩብህ! በሁለት አስልቼ ነው ወደ ሥራ የሰደድኩህ! ምን አድርጌህ ነው የዋሸኸኝ?» ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ዝም በማለቴ ማንንም ያልጎዳሁ ይመስለኝ ነበር፤ እሷን ግን በገዛ እጇ ታማሚዋን እንድትጎዳ አድርጌአታለሁ። የአስር አለቃው ነገር እርስዎን እስከ ዛሬ እንደሚያንገበግብዎ ደብዳቤዎ ላይ አላየሁም?

አስሩ የማን እንደሆነ ነገርኳት። መስቀሏን ይዛ በዕንባዋ መሐል ሳቀች። «አያቴም እንዳንተ ነበረች» አለች። እርስዎ ያሉኝንም ነገርኳት። «እህትህ ትክክል ነች። ከዛሬ ጀምሮ ላንተ መጨረሻው ዘጠኝ ነው» አለችና እንደገና ከሞቀው ፎጣ ጀመረች። ግድግዳው ላይ ያደረስኩት ጭረት ግንባሬ ጋ ነበር፤ አሁን ደረቴ ጋ ወርጃለሁ። ግን ሲያመኝ «እዚያ ጋ» እላለሁ፤ እሷም ታቆማለች። እንዲህ ቀላል ኖሯል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለሳምሪም አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ቀን እሌኒ እጇን ትከሻዬ ላይ ስታሳርፍ ዕንባዬ መጣ። አሞኝ አልነበረም። ውብአለም ካረፈች ወዲህ የሰው መዳፍ አርፎብኝ አያውቅም ነበር። ይጨብጡኛል፣ ይስሙኛል፤ ያ ሌላ ነው። ዝም ብሎ የሚቆይ፣ የሚሞቅ መዳፍ ግን አልነበረም። ውብአለም ከሥራ ስገባ ያችን ከእርስዎ የተማረቻትን አስተሻሸት በአውራ ጣቷ ታሸኝ ነበር፣ ቴሌቪዥኑን እያየች፣ ሳትጠየቅ። የማላውቃት ሴት ጣት እዚያው ቦታ ላይ ሲያርፍ ሰውነቴ ከኔ በፊት አስታወሰ። እሌኒ ደንግጣ «አመመህ?» አለችኝ። «ኖ፣ ኖ ፔይን» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን «አመመኝ» ማለት አቃተኝ። ካመመኝ እጇን ታነሳለች ብዬ ይሆን? ራሴን መርምሬ መርምሬ ከዚህ በላይ አልደረስኩም። ነውር እንደሌለበት ለንስሐ አባቴ ነግሬ «ሐዘን ነው ልጄ፣ አልቅሰህ ጨርሰው» ብለውኛል።

አሁን ተራው የኔ ነው። ዓይንዎ ከደከመ ደብዳቤዬን ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው ሁለቴ እንዴት አነበቡት? ማንበብ ከቻሉ ለምን እየሩሳሌም ትጽፋለች? ያስ ሁሉ ቅባት ማንን ነው የሚያሞቀው?

ሰላም አላልኩዎትም፣ እትዬ። እየጠየቅሁዎ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ስንት ነው?

በየነ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

በየነ፣

ስምንት።

እየሩሳሌም እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። አታልቅሺ ብያታለሁ። ይኸው እሱንም ጻፈችው።

ቀኝ ትከሻዬ ነው፣ እንዳንተው። ባለፈው ዓመት በልግ የአንድ ገበሬ ዳሌ ስመልስ እሱ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። መጀመሪያ ይለቀኛል ብዬ ተውኩት። አሁን ክንዴ ከወገቤ በላይ አይወጣም፣ እስከ ጣቴ ይደነዝዘኛል፣ ብዕር ይወድቅብኛል። ነጠላዬን የምታጣፋልኝ እየሩሳሌም ነች። «ወጌሻዋ ክንዷ ተያዘ» ከተባለ ማን ደጄን ይረግጣል? የመጣውን ሁሉ «ዛሬ በዓል ነው፣ አላሽም» እያልኩ መለስኩት። በዓላቱ ሁሉ አልቀውብኝ ያልተተከለ ታቦት ማክበር ጀምሬአለሁ። አንድ ሰው «እትዬ፣ ዛሬ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «አንተ አታውቀውም» አልኩት።

ቅባቱ ለታማሚ አልነበረም። ለኔው ነበር። እሱም ቢሆን የሚያመኝ ቦታ አይደርስም። የሰው ሁሉ ትከሻ ላይ የደረሰ እጅ የገዛ ትከሻው አይደርስም፣ በየነ። ይህን እጅ ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷንም ላንተ ሰጠኋት።

አልቆጭም። እጇ በትከሻህ ላይ እንደነበረ ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላውቅም ነበር። እዚያ ሄዳ የረሳችው ይመስለኝ ነበር።

አንተ ግን ሐኪምህ ጋ ስትቀርብ የሚልህን ጻፍልኝ። ይህን ሳልሰማ እንቅልፍ የለኝም።

ዓለምሸት

ቶሮንቶ፣ ሰኔ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓለምሸት፣

ልብ ሰጥቶ ልብ የሚያናግር አምላክ ይመስገን። እኔ ዛሬ አራት ነኝ። ሲዘንብ አምስት።

ሐኪሙ ጋ ከመግባቴ በፊት እሌኒ ልትፈትነኝ ፈለገች። «የምትፈልገው ምን ማድረግ ነው? ካርቶን ማንሳት አትበለኝ» አለችኝ። «ማማተብ» አልኳት። «አማትብ እንግዲህ» አለች።

ግንባሬን ዝቅ እንዳላደርግ አገጬን በጣቷ ይዛልኛለች። እጄ ወጣ። ደረቴን አለፈ፣ አገጬን አለፈ፣ ግንባሬን ነካ። ወደ ደረቴ ወረደ። ከዚያ ወደ ግራ ትከሻዬ ስሻገር አመመኝ፤ «ስድስት!» ብዬ ጮህኩ። እሷም «ቀስ፣ ቀስ» አለች። ደረሰ። ወደ ቀኝ ተመለሰ። አሜን።

«ተሳስተሃል» አለችኝ። «መጀመሪያ ቀኝ፣ ከዚያ ግራ ነው።»

«የተሳሳታችሁ እናንተ ናችሁ» አልኳት። እየተከራከርን ሳቅን፤ በመሐሉ እኔ አለቀስኩ። በዚህ ጊዜ «አመመህ?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ሐኪሙ እጄን አስነሳኝ፣ ፎቶውንም አየ። «ጅማቱ ሙሉ አልሆነም፣ ግን ይዟል። እንዲህ እየተሻለህ ከሄደ ቢላዋ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም፤ በመኸር ላይህ» አለኝ። መጋዘን ውስጥም ወደ ቀላሉ ሥራ ተመልሻለሁ። ሳምሪ ውጤቱን ስነግራት «ሪሊ? አባ፣ ሪሊ?» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀኝ ትከሻዬን አጥብቃ። አመመኝ። ግን አልነገርኳትም። ይህቺን አንዷን ይፍቀዱልኝ።

አሁን ስለ እርስዎ። ነገርዎን ሁሉ ለእሌኒ ተረኩላት። መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደው ይታዩ፤ መደንዘዙ ከአንገት ይሁን ከትከሻ ሳይታወቅ ማንም እንዳይነካዎ ብላለች። ሐኪም ከፈቀደ ግን ሙቅ ጨርቅ ያድርጉበት፣ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣትዎን ያራምዱ፣ የደረሱበትን በከሰል ይጫሩ። ከሕመሙ ጋር አይታገሉ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ይበሉ።

ማን ያሸኛል ይሉኝ ይሆናል። ከፊትዎ ተቀምጣ የምትጽፍልዎት ማን ነች? እየሩሳሌም ሆይ፣ እጅሽን ታጠቢ። እርስዎ ደግሞ በእሷ እጅ ትከሻዎን ያስተምሯት። እዚህ ጋ፣ እዚያ ጋ፣ ቀስ በይ፣ አውራ ጣትሽን አዙሪው፣ ይበሏት። ሲያምዎ ይጩሁ። የታማሚ ጩኸት ለወጌሻ መብራት ነው ብለውኝ የለም? እሷ ገና ጀማሪ ነች፤ ብዙ መብራት ያስፈልጋታል።

የውብአለም እጅ ከርስዎ ዘንድ የመጣ ነበር። በርስዎ አብቅቶ እንዳይቀር።

ወንድምዎ በየነ

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበየነ

ፊደሉ እንደ ሰካራም የሚንገዳገደው የገዛ እጄ ስለሆነ ነው። እየሩሳሌም ልጻፍልሽ ብትለኝ ዞር በይ አልኳት።

ሆስፒታል ታየሁ። አንገቴ ደህና ነው፤ ትከሻዬ ነው አሉ፣ መታሸቱንም ፈቀዱ። መጀመሪያ ቀን ጎረቤት ይሰማል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ከዚያ ገረመው ትዝ አለኝና ጮህኩ። ሰፈሩ ተሰብስቦ መጣ። በበዓል ስም የመለስኳቸው ሁሉ አሉበት። አንዷ «ለካስ ወጌሻም ይታሻል!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ አንድ ሕፃን ክርኑ ወልቆ አመጡልኝ። እኔ በአፌ፣ እየሩሳሌም በእጇ ሆነን መለስንለት። አለቀሰ። «እሰይ፣ አልቅስልን» አልኩት።

ባለሱቋ እጇ ሻካራ ነው። ግን ይሰማል።

ግድግዳዬ ላይ የከሰል ጭረት ደረቴን አልፏል።

እንደምን ነሽ ብትለኝ፣ ያመኛል። ስድስት ነው። ባለፈው ሳምንት ሰባት ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን።

ዓለምሸት